የክቡር አልገባኝም ማረጋገጫ

መሥሪያ ቤት በተባለ ሁሉ ውስጥ፣ ነገሩን ከማንም በላይ እያወቀ «አልገባኝም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ከጠፋም ብዙ አይቆይም፣ ይቀጠራል።

የዚህኛው መሥሪያ ቤት ሰው ክቡር አልገባኝም ይባላሉ። ከጀርባቸው ነው እንጂ ፊት ለፊት ጋሼ ናቸው። የአሳንሰሩን ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ አስለውጠዋል። የሥራ አስኪያጇን የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር «መጥተን ምን እናድርግ?» ብለው መልሰዋል። የሚገርመው ደግሞ ለዚህ ጠባያቸው ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ፕሮግራመሮቹ የሠሩት ሁሉ እሳቸው ካላጸደቁት አይወጣም።

ወጣቷ ፕሮግራመር ይህን ሕግ ያወጣውን ሰው ረግማ አትጠግብም። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ዛሬ ያበቃል። ሥራዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጸደቀ ትቀጠራለች፤ ካልጸደቀ ዕቃዋን ትሰበስባለች። የታዘዘችው፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚጭንና የሚያስወግድ የአንድ የኮምፒውተር መሣሪያን አነጋገር እንድታሻሽል ነው። መሣሪያው ሥዕል የለው፣ ምልክት የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ ይጻፍለታል፣ እሱም በጽሑፍ ይመልሳል። አመላለሱ ግን እንዳኮረፈች አማት ነው። ለዛሬ የሚፈተነው አንዱ መልእክቱ ብቻ ነው።

ከምሳ በፊት ያስረከበችውን ሥራ ለማየት ክቡርነታቸው ወንበር ስበው የተቀመጡት ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ላይ ነበር። ሁለት ፕሮግራሞች እንዲጭን ትእዛዝ ጻፉ። መሣሪያው መለሰ፦ «ስህተት፦ የእትም ግጭት።»

እጃቸውን አጣጥፈው ስክሪኑን ያዩ ጀመር። ሁለት ደቂቃ አለፈ።

«ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ምን ላድርግ? አልነገረኝም።»

ተጣድፋ አስተካከለች፦ «ሁለቱ ፕሮግራሞች አብረው ሊጫኑ አይችሉም።» እጅ እንደገና ተጣጠፈ።

«እና? ወደ ቤቴ ልሂድ? ላልቅስ?»

«ኧረ በፈጠረዎ! ስምንት ደቂቃ ነው የቀረኝ!»

«የኔ ልጅ፣ ይሄን የሚያነበው ሰው አጠገብ አንቺ አትኖሪም።»

ያን ጊዜ ትዕግሥቷ አለቀ። «ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ፋይል ነው! አንዱ አሮጌውን፣ አንዱ አዲሱን! አሮጌውን የሚፈልገውን ፕሮግራም ያድስና ድጋሚ ይሞክራ! ይሄ ምኑ ነው የማይገባው?»

«እሱን ጻፊው» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ።

ጻፈችው፤ የሚያድሰውንም ትእዛዝ ከሥሩ አስገባች። ክቡርነታቸው አነበቡ። እጃቸው ተፈታ። የተባሉትን ጻፉ፣ ተጫነ፣ አጸደቁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ።

ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ወጣቷ የቻርጀሯን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

«ከምሳ በፊት አስረክባኛለች» አሉ ክቡርነታቸው። «ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ሰጡ። አንድ መስመር ናት፦ «ሥራዋ በሰዓቱ ደርሶኛል፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።»

«ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍብዎ ያውቃሉ?»

«ይጻፍ።»

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ወጣቷ ዞሩ። «ተቀጥረሻል። መስኮቱ ጋ ባዶ ጠረጴዛ አለ፤ ከሰኞ ጀምሮ ብትፈልጊ ከእሳቸው ትርቂያለሽ።»

ወጣቷ ወደ መስኮቱ አየች። ብርሃን አለው፤ ሰላምም ሳይኖረው አይቀርም።

«እዚሁ ጋሼ አጠገብ ይሁንልኝ» አለች። «ያልተስተካከለ አርባ መልእክት ይቀረኛል።»

ክቡርነታቸው ቀና እንኳ አላሉም።

«አርባ ሁለት ነው» አሉ።