ሊቀ ትንፋሽ እና የከበቡሽ መስኮት

በየከተማው ሌላው ሰው ተንፍሶ የሚረሳውን አየር እየቆጠረ የሚያስታውስ አንድ ሰው አይጠፋም። ለጂንካ የደረሷት መምህር ወንደሰን ናቸው፤ ቁርስ ቤት ያላት ከበቡሽ ደግሞ «ክቡር ሊቀ ትንፋሽ» ብላ ሾማቸዋለች። ወንድማቸው ከውጭ የላከላቸውን፣ የሳሙና ቁራጭ የምታህል የአየር መለኪያ ከአንገታቸው አያወርዱም። መለኪያዋ ጭስና አቧራ ሲበዛ ቁጥሯ ያድጋል፤ ቀለሟም ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። መምህርም አብረው ይቀላሉ።

ፀጉር ቤት ገብተው ፓውደሩን ሲለኩ፣ ባለቤቱ ጢማቸው ግማሽ እንደተላጨ አስወጣቸው። ቅዳሜ ገበያ «ቆይ፣ ቁጥሩ ይውረድ!» ብለው አቧራ እያስነሣ በሚመጣ በሬ ፊት ቆሙ፤ በሬው ግን አልቆመም። ጸሎት ቤት መዘምራኑ ሲዘሉ የተነሣውን አቧራ ለክተው ለፓስተሩ በጽሑፍ አቀረቡ።

የከበቡሽ ግን ይለያል። ቦንቦሊኖ የምትጠብሰው በእንጨት ምድጃ ነው፤ ሦስት ዓመት ያልለቀቃት ሳል አለባት። ሳሉን ያመጣብኝ ንፋስ ነው ብላ ሁለቱንም መስኮት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃቸዋለች። መምህር በየጠዋቱ ገና ሳይቀመጡ ይጮሃሉ።

«ሦስት መቶ አርባ! ሐምራዊ!»

ደንበኛው የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ውልቅ ይላል።

«በኢየሱስ ስም! መምህሬ፣ ሰው ቁርሱን ይብላበት እንጂ!»

«እትዬ፣ የሚያስልዎት ጭሱ ነው። መስኮቱን ይክፈቱት።»

«ንፋስ መትቶኝ እንድሞት ነው?»

አንድ ጠዋት ሳሉ አላስቆም አላት። ምድጃው አጠገብ ቁጭ አለች። ፈራች።

«እሺ፣ ክፈተው» አለች።

መምህር የመንገዱን መስኮት እንደ ባለድል በረገዱት። ያን ጊዜ አንድ አይሱዙ አለፈ። አቧራው ቤቱን ሞልቶ ቦንቦሊኖው ላይ ሳይቀር አረፈ። ሰው ሁሉ መለኪያዋ ላይ አፈጠጠ። ሌላ ሰው ቢሆን በእጁ ይሸፍናት ነበር፤ እሳቸው ግን በዚያው ድምፃቸው «አራት መቶ አሥር! በእኔ ጥፋት!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ከበቡሽ አልሳቀችም። አንዱ ብርድ ነው፣ ሌላው ዓይን በልቶሽ ነው እያለ ሁሉም ስለ ሳሏ የመሰለውን ሲነግራት ኖሯል። ተሳሳትኩ ብሎ የጮኸላት ይሄ ነዝናዛ ብቻ ነው። ተነሥታ የመንገዱን መስኮት ዘጋችና በጓሮ፣ በእንሰቱ በኩል ያለውን ከረጢት በገዛ እጇ መንቅራ ጣለችው። ጭሱ ወደ ጓሮ ወጣ።

መምህር ቆይተው ቆይተው «ዘጠና» አሉ። «አሁንም ጥሩ አይደለም።»

«እንኳን ደስ አለሽ አይባልም?»

«ከሃምሳ በታች ሲገባ።»

ሳቋ መጣ። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው እንደምትወድ ለራሷም ዛሬ ገና ገባት። ትኩስ ትኩሱን ቦንቦሊኖ መርጣ አቀረበችላቸውና ጎንበስ አለች።

«ነገ ማልደህ ና፣ መምህሬ። ደንበኛ ሳይገባ ለካና ለእኔ ብቻ ንገረኝ።»