እጩው ዶክተር ተድላ እና የሌይላ ፋይል

ሃያ አበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ ዶክተር ተድላ አይጠፋም። ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን ያው ነው። ስብሰባ ሲጠራ ከጠሪው ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ዳር ይዞ ይቀመጣል። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ጥያቄ የለውም፤ አስተያየት ግን አለው። «ሦስት ነጥብ ብቻ» ብሎ ይነሣል። ሦስተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ያየ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የኛው ዶክተር ተድላ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ በየሰልፉ የተሰለፉ፣ ኋላ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ባለ አንድ ኮሌጅ ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት ስለ ትምህርት ፖሊሲ ተናግረዋል። የአንድ ዓመት ሕፃን ልደት ላይ ኬኩ ሳይቆረስ ስለ ትምህርት ፖሊሲ ተናግረዋል። እናም አምና፣ ከኦክላንድ አለፍ ብላ በምትገኘው፣ በሚኖሩባት ትንሽ የትምህርት ዲስትሪክት ለትምህርት ቦርድ እጩ ሆነው ተመዘገቡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገሩ የነበሩት ሰው አሁን የመናገር ምክንያት አገኙ።

እኚህን ክቡር እጩ እንደ ራውዳ የጠላ ሰው አልነበረም።

ራውዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ፕሌዘንተን ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ባሏ የሱፍ ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሌይላ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ሌይላ ኪንደርጋርተን ስትገባ የመመዝገቢያው ፎርም «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» ይላል። ራውዳ ኮራ ብላ «አማርኛ» ብላ ጻፈች። በዚያች አንዲት ቃል ልጅቷ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ዝርዝር ውስጥ ገባች፤ ገብታም ቀረች።

የሚያናድደው ሌይላ አማርኛ አለመቻሏ ነው። ትሰማለች እንጂ አትመልስም። እናቷ «ምሳሽን በላሽ?» ስትላት «ያ፣ አይ ዲድ» ትላለች። በእንግሊዝኛ ታልማለች፣ በእንግሊዝኛ ትኮርፋለች። ትምህርት ቤቷ ግን በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ከጓደኞቿ ለይቶ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ የፍራፍሬ ስም ያስጠናታል። ያ ክፍለ ጊዜ ጓደኞቿ ሮቦቲክስ የሚማሩበት ነው፤ ከሳኒቬል የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ኢንጂነሮች እየመጡ የሚያግዙበት። ፎርሙ ላይ «እንግሊዝኛ» ብለው የዋሹ የጎረቤት ልጆች ሮቦት ይሠራሉ። እውነት የጻፈችው እናት ልጅ ሙዝና ብርቱካን ትለያለች።

ራውዳ መጀመሪያ ዶክተሩን ያገኘቻቸው የአበሻ ሱቅ ውስጥ ነው። በርበሬው መደርደሪያ አጠገብ ቆመው ፎቷቸው ያለበትን ወረቀት ሲያድሉ ደረሰች። ጉዳዩን በአጭሩ ነገረቻቸው።

«እህቴ፣ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው» አሉ።

ሥሩ ሩቅ ነበር። እኩልነት ማለት ለሁሉም ሰው አንድ ቁጥር ጫማ መስጠት ነው፤ ኢኩዊቲ ግን ለእያንዳንዱ በእግሩ ልክ መስጠት ነው፤ ይህን ያልተረዳ የትምህርት ሥርዓት ሲስተም ሳይሆን መጋዘን ነው። ቀጠሉ። ራውዳ ያኔ ሥራ የምትሄደው በባቡር ነበር፤ ሁለት ባቡር አመለጣት። ሥራ ዘግይታ ገባች፤ ሱፐርቫይዘሯ ጻፈችባት። እሳቸው የልጅቷን ስም እንኳ አልጠየቁም።

ሁለተኛው በረመዳን፣ የማኅበረሰቡ ኢፍጣር ላይ ነው። ዶክተር ተድላ እንደ እንግዳ ተጋብዘው፣ መግሪብ ሊገባ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማይክ ተሰጣቸው። የሰጣቸው ሰው እስከ ዛሬ ይወቀሳል። አዛን ሲል እሳቸው ገና ኢኩዊቲን እየተረጎሙ ነበር። ሦስት መቶ ሰው ቴምር በጣቱ ይዞ አፍ አፋቸውን ያያል።

«አንዲት ሐሳብ ልጨርስ» አሉ።

«ዶክተር» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው፣ «ይህን ሰዓት የቀጠርኩት እኔ አይደለሁም።»

ሰው ሳቀ። ራውዳ አልሳቀችም። ከበሉ በኋላ ጠጋ ብላ የሌይላን ነገር አስታወሰቻቸው። «ኢሜይል አድርጊልኝ» አሏት። አደረገች። የመጣላት መልስ አራት ገጽ ነበር፤ ስለ ሌይላ አንድ መስመር የለበትም።

በጥቅምት ማለቂያ እጩዎቹ በአንድ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ተሰብስበው ከወላጅ ጋር ተገናኙ። አራት ናቸው። ራውዳ ከሥራ በቀጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሄደች። ለወላጅ የሚሰጠው አንድ ደቂቃ ነው። ተራዋ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ልጇ ስድስት ዓመት ሙሉ በማታውቀው አማርኛ ምክንያት እንደምትቀጣ ተናገረች። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞራ በአማርኛ ቀጠለች።

«እርስዎን ሁለት ጊዜ ለመንኩዎት። ሁለት ጊዜ ጫማ ቆጠሩልኝ። እርስዎ ስለ ኢኩዊቲ ሲያወሩ የኔ ልጅ አንድ ክፍል ጨረሰች። ወላሂ፣ እንደርስዎ አውቀው ዝም ብለው ከሚያወሩት፣ ሳያውቁ ዝም የሚሉት ይሻላሉ።»

ካፍቴሪያው ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው አሥር አይሞላም። ቃናውን ግን ሁሉም ሰማ። ዶክተር ተድላ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ያንን ያየ ሰው ዛሬም ያወራዋል።

ከጎናቸው የነበረችው እጩ፣ ወጣት ጠበቃ ናት፣ ማይኩን ወሰደች። ታሪኳን ስላካፈለቻቸው ራውዳን አመሰገነች። ቢሮዋ በሳምንቱ ውስጥ ኮል እንደሚያደርግላት ቃል ገባች። የራውዳን ስልክ ቁጥር አስጻፈች። አርባ ሰከንድ ፈጀባት። ራውዳ «ሰው ማለት ይህች» አለች በልቧ። ከዚያው ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ በፖስታ መጥቶላት ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን የምርጫ ወረቀት ለጠበቃዋ ሞላችና ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ካለው የምርጫ ሳጥን ከተተችው። 

በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ዶክተር ተድላ ናቸው፤ ግራጫ ሱፋቸውን ከነሰደርያው ለብሰው፣ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው።

«ትናንት ያልሽው ልክ ነው» አሉ። «ወረቀቶቿን ላያቸው።»

ራውዳ በሩን ይዛ ቆመች። ልትዘጋው ፈልጋ ነበር። ግን በሷ አስተዳደግ ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰው በር ላይ አይቆምም። አስገባቻቸው። ሻይ ቀዳችላቸው፤ ስኳሩን ግን እንዲጨምሩ አላቀረበችላቸውም። የሌይላን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

አነበቡ። ሁሉንም፣ ከጀርባውም። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ከዚያ አንዱን ገጽ አዙረው ፊቷ አስቀመጡ።

«ልጅሽ ፈተናውን አልፋለች» አሉ። «አራተኛ ክፍል ሳለች። የዛሬ ሁለት ዓመት።»

ራውዳ ገጹን አየችው። ቁጥር ነው፣ ኮድ ነው፤ ከዚህ በፊትም አይታዋለች። ሰው ካልነገራት የማይነበብ ነገር ነው።

«ታዲያ ለምን አላወጧትም?»

ጣታቸውን ከታች ያለች አንዲት መስመር ላይ አደረጉ። ከዝርዝሩ ለመውጣት ወላጅ ቀርቦ መማከር አለበት። መስመሯ ላይ እንዲህ ይላል፦ ወላጅ ሦስት ጊዜ ተጠርተው አልቀረቡም።

«እኔ?» አለች ራውዳ።

ያኔ ትዝ አላት። በዚያ ሰሞን ስልኳ እየጮኸ አንድ የተቀዳ ድምፅ በስፓኒሽ ያወራ ነበር። ማስታወቂያ መስሏት ዘጋችው። ሦስት ጊዜ። ቤት ውስጥ አማርኛ እንደሚነገር ጽፋ ልጇን ያስቀጣችበት ትምህርት ቤት እሷን ለመጥራት ሲፈልግ በስፓኒሽ ጠራት። ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ ያልመጣ ወላጅ ብሎ ጻፈባት። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጇ ፋይል ውስጥ፣ ሰው ባነበበው ቁጥር፣ ግድ የሌላት እናት ሆና ተቀምጣለች። ሌይላ ከመኝታ ቤቷ ብቅ ብላ «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?» አለቻት። ራውዳ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች።

ዶክተር ተድላ ንግግር ሊያደርጉ ይገባ ነበር። አላደረጉም። «ሠላሳ ዓመት ስለዚህ አስተምሬያለሁ» ብቻ አሉ። «አንድም ቀን ፋይል ከፍቼ አላውቅም።» ሻዩን ሳይጠጡት ወጡ።

በዚያው ዕለት ከዲስትሪክቱ ቢሮ ቀጠሮ ጠየቁ። የተሰጣቸው ቀን ምርጫው ካለፈ በኋላ፣ ሐሙስ ላይ ዋለ። ማክሰኞ ምርጫው ሆነ። ክቡር እጩ ከአራት ሦስተኛ ወጡ። ጠበቃዋ አሸነፈች። ከካፍቴሪያው ማታ ወዲህ ግን የራውዳ ስልክ አልጮኸም፤ ከምርጫው በኋላም አልጮኸም።

ሐሙስ ጠዋት ራውዳ ለብቻዋ ሄደች፤ የተሸነፈ ሰው አይመጣም ብላ። ዶክተር ተድላ የዲስትሪክቱ ቢሮ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ሱፉ ያው ነው። ደረታቸው ላይ ለጥፈውት የነበረው የምርጫ ምልክት ብቻ የለም።

ያስተናገደቻቸው ሴትዮ ፈገግ ትላለች። ማኅደሩ በሂደት ላይ ነው አለች። ፎርም አለ አለች። ፎርሙ ተሞልቶ ሲመጣ ወደሚመለከተው ክፍል ይላካል፣ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት። ራውዳ ጥርሷን ነከሰች፤ ብትናገር ጠረጴዛውን ትገለብጠው ነበር።

ዶክተር ተድላ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። «ሦስት ነጥብ ብቻ» አሉ በእንግሊዝኛ።

ራውዳ ዓይኗን ጨፈነች። አንደኛው ነጥብ ከ1960ዎቹ ተነሣ። ሴትዮዋ ፈገግ እንዳለች ሰዓቷን አየች። ሁለተኛው ነጥብ የካሊፎርኒያን የትምህርት ሕግ በቁጥር በቁጥር ይጠራ ጀመር። ሴትዮዋ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብላ ልታቋርጥ ሞከረች። ጥያቄ አይደለም፣ አስተያየት ነው አሏት። ከኋላቸው ሰልፍ ተሠራ። ስልክ ጮኸ፣ አላነሣችም፤ እሳቸው እየተናገሩ ነውና። የምሳ ሰዓት አለፈ። የሴትዮዋ ፈገግታ መጀመሪያ ከዓይኗ፣ ቀጥሎ ከአፏ ሄደ። በዚያ ቢሮ ሰው ይቆጣል፣ ያለቅሳል፣ መጨረሻ ላይ ደክሞት ይሄዳል። የማይደክም ሰው ገጥሟት አያውቅም።

ራውዳ ዓይኗን ገለጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሰማቻቸው። ሱቅ ውስጥ የነገሯትን ያንኑ ነው የሚሉት፣ ያችኑ ጫማ ሳይቀር። ግን አሁን በየመሐሉ «የዚህች እናት ልጅ፣ ሌይላ» ይላሉ፤ በየመሐሉ ያችን መስመር በጣታቸው ይመታሉ። «ይህች እናት አልመጣችም ብላችሁ ጻፋችሁ። ይህችውና። ሰርዙት።»

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ሴትዮዋ ተነሥታ አለቃዋን ጠራች። አለቃዋ ዶክተር ተድላን ሲያይ ቀድሞ ያውቃቸው እንደነበር ፊቱ ተናገረ። ቁጭ አላለም። ሌይላ ከዝርዝሩ እንድትወጣ ቆሞ ፈረመ። «ወላጅ አልቀረቡም» የምትለዋ መስመር ግን አትሰረዝም፣ ማስተካከያ ከሥሯ ይጻፋል እንጂ አለ። ራውዳ ማስተካከያውን ራሷ፣ በራሷ እጅ ጻፈችው። እስኪርብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ቆመች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ እርስዎን አልመረጥኩም። ድምፄን ለዚያች ጠበቃ ነው የሰጠሁት።»

«ለምን?»

«ብዙ ያወራሉ።»

ዶክተር ተድላ መሬት መሬቱን አዩ። ቅር ያላቸው መስሏት ተጸጸተች።

«ደግ አደረግሽ» አሉ ኋላ። «ብመረጥ ኖሮ እኔም ከወዲያ በኩል ተቀምጬ 'አንድ ደቂቃሽ አልቋል' እልሽ ነበር።»

ራውዳ ሳይታወቃት ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። «ንዴቴ አልወጣልኝም እኮ። ሁለቱን ዓመት ማን ይመልስላታል?»

«ማንም። አይውጣልሽ» አሉ። «እንዲህ የተጻፈባቸው ሌሎች እናቶች ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። እሳቸው የመጡት በአውቶቡስ ስለነበር በሷ መኪና አስገባቻቸውና እየነዳች ስም መጥራት ጀመረች። የዘነቡ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል። የቡልቻ ሁለቱ መንትዮች። የሀረገወይን ትንሿ። በእያንዳንዱ ስም ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄደ። እሳቸው ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ፤ አራተኛው ስም ላይ ግን መጻፉን ትተው ይህ ሁሉ ከየት እንደመጣ ያስረዱ ጀመር፣ ከመጀመሪያው።

ፈጣኑን መንገድ፣ ፍሪዌዩን ይዛ ብትሄድ ቤታቸው አሥር ደቂቃ ነበር። ራውዳ ግን እየሰማቻቸው የትራፊክ መብራት በሚበዛበት፣ በረጅሙ መንገድ፣ በከተማው ውስጥ ነዳች።