ትንፋሽህን አትያዝ

አቶ ሽባባው በየጠዋቱ የክሊኒኩን በር ከፍተው ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ቀኝ እጃቸውን ይጨብጣሉ፤ ጥቂት ቆይተው ቀስ ብለው ይዘረጉታል። ወደ ገበያ የሚያልፉት ሴቶች ብርድ ነው ይላሉ። ከወንዶቹ ግን አንዳንዱ ቆም ይላል፣ ፊቱ እንደ ዳኛ ይኮሳተራል፣ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።

በየከተማችን ዶክተር ያልሆነ አንድ «ዶክተር» አይጠፋም። ለጥርስ እሱ፣ ለበቅሎ እሱ፣ ለፍርድ ቤት ማመልከቻም እሱ ነው። የቡታጅራው ክቡር ሐኪማችን አቶ ሽባባው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ናቸው፤ ዶክተር ሲሏቸው ግን አንድም ቀን አላረሙም። እኔ ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ዓመቴ ላስተምር መጥቼ እቤታቸው ተከራይቻለሁ። ክሊኒክ ሊታዩ የሚያፍሩ ወንዶችን በምሳ ሰዓት እንግዳ ክፍላቸው ይቀበላሉ። የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ስስ ነው። የተማሪ ደብተር እያረምኩ ጆሮዬ የጋለበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ቀን በርበሬ ነጋዴው መጣ። ስሙን ቀይሬ ሸረፋ ልበለው።

«ሚስቴን ሰፍያን ወንድሞቿ ለመውሊድ ሊወስዷት ነው። ምክንያቱንም በሽማግሌ ፊት ይናገራሉ። ወላሂ ዶክተር፣ እወዳታለሁ። አካሌ ነው እምቢ ያለኝ።»

«ልብህን አይቻለሁ፣ ስኳርም የለብህም። የእንሴኖው ሰውዬ የሸጠልህን ዱቄት ድፋው። ሽንትህን ለማቋረጥ የምታጠብቀውን ጡንቻ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እሱን አጥብቅ፣ ልቀቅ። ስትሸና ግን አይደለም። ሆድህን ተወው። ትንፋሽህን አትያዝ።»

«መርፌ የለውም?»

«የለውም።»

«እንግዲያ መድኃኒት አይደለም።»

«አውቶቡስ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ገበያ ላይ አድርገው። ማንም አያይህም። ብቻ ወራት ይፈልጋል።»

«ወራት የለኝማ።»

ክቡር ሐኪማችን በማግስቱ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወንድሞቿ ዘንድ ሄዱ። ሸረፋ ሕክምና ላይ ነው፣ ቤቱ አሁን ከፈረሰ ሕክምናውም ይበላሻል፣ ጃንሆይ ይሙቱ ብለው ማሉ። የበሽታውን ስም ሲጠየቁ ላቲን የሚመስል ነገር ተናገሩ ይባላል። ወንድሞቿ እስከ አጨዳ ፈቀዱ።

እነዚያ ወራት ረጅም ነበሩ። ሸረፋ በክሊኒኩ ደጃፍ የአቶ ሽባባውን ጭብጥ እያየ ሲያልፍ ፊቱ በርበሬውን ይመስላል። «ትንፋሽህን፣ አንተ ሰው» ይሉታል። ሰፍያ ገበያ ስትሄድ ከጎኑ አትሄድም፤ ቀድማው ነው። እሳቸውም እሷን ባዩ ቁጥር ምሳቸውን ይተዋሉ።

አጨዳ ደረሰ፤ ወንድሞቿ በቅሎ ስበው መጡ። የሸረፋ ቤት ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ በመስኮት አየሁ። ሰፍያ በሩን ሞልታ ቆመች።

«ደክሟችኋል፤ ግቡና ቆጮ ቅመሱ። በቅሎውን ግን ለእኔ ብላችሁ ከሆነ በከንቱ ነው ያመጣችሁት።»

ሸረፋ ከኋላዋ መሬት መሬት ያያል።

ልጽፈው ብዬ አቶ ሽባባውን አስፈቀድኳቸው።

«ጻፊ፣ ልጄ። ከማን እንደተማርኩት ግን ተይልኝ። ወንዶቹ የሴት ነገር ነው ካሉ ይተዉታል።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምዘውድ አራተኛ ልጃቸውን ሲወልዱ አዋላጇ ያስተማረቻቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ለባላቸው አስተማሩ። ዛሬም ጠዋት፣ ክሊኒኩን ሊከፍቱ ከመውጣታቸው በፊት፣ የወይዘሮ ዓለምዘውድን ድምፅ በግድግዳው ሰማሁ፦

«ሽባባው፣ ትንፋሽህን አትያዝ።»