ሦስተኛው ጥሪ

ጉም ያለበት አገር ያደገ ሰው ጆሮ ብቻውን እንደማይታመን ያውቃል። ከቆላ የመጣችሁ እንደሆነ ላስረዳችሁ። እኔ ያደግሁት ከሮብ ገበያ በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እዚያ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ የገዛ አጥራችሁ ይጠፋችኋል፤ ላሙም በቅሎውም ይጠፋል፤ የሚቀረው ድምፅ ብቻ ነው። ታዲያ ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ በስም የሚጠራ ሲመጣ ቶሎ "አቤት" አይባልም። እናቴ ሕግ ነበራት፤ ያ ስሙን የማናነሣው ነገር አንዴ ይጠራል፣ ሁለቴ ይጠራል፣ ሦስተኛውን ግን አይችልም። ሦስቴ የጠራሽ ሰው ነውና አቤት በዪ። ሦስተኛው ለምን እንደሚያቅተው ብጠይቃት በጥፊ መለሰችልኝ።

ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ይህችን ሕግ ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁ፤ ለወንድሜ ልጅ ለሃሴትም አወረስኳት። ሃሴት አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ሉማሜ ከተማ ክረምት ከበጋ እያስተማረ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ እናቷ ቢሮ ትውላለች፣ ልጅቷን የምጠብቃት እኔ ነኝ። አባቷ አሮጌ ስልኩን ሲሰጣት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእሷ ይልቅ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። አሻንጉሊት የምታለብስበት ጨዋታ አለው። እሷ ስታለብስ እኔ ገብሴን እቆላለሁ፣ ጎመኔን እቀነጥሳለሁ፣ በአጥር ላይ ከጎረቤት ጋር ወሬዬን እጨርሳለሁ። እንዲህ ያለ ሞግዚት ከየት ይገኛል? አያኮርፍ፣ አይታመም፣ ለበዓል አገሬ ልሂድ አይል።

ነሐሴ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉሙ ከተማው ላይ ተኝቶ ፊት ለፊታችን ያለው ወፍጮ ቤት እንኳ ጠፍቷል፤ ጉርምርምታው ብቻ ይሰማል። እኔ ጓሮ ነኝ። "ሃሴት" አለ አንድ የወንድ ድምፅ። ከደጅ አይደለም፤ ከቤት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ከልጅቷ በቀር ማንም የለም።

ለስለስ ያለ ድምፅ ነው፤ ልጅ እንደሚያባብል። እኔ ስስቅ ደምበጫ ድረስ የሚሰማ ሴት ነኝ፤ ያን ዕለት ግን በሹክሹክታ አማተብኩ። "ሃሴት" አለ እንደገና። ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። አይዞሽ አልኩ ራሴን፣ ሦስተኛውን አይችልም።

"ሃሴት።"

"አቤት" አለች የኔ ጨዋ።

እናትሽ ገባች ወይ አላት፤ አልገባችም አለችው። በራችሁ ምን ዓይነት ነው አላት፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አለችው። ሮጬ ገባሁ። ማንም የለም። አልጋ ሥር አየሁ፣ ከጤፉ ጆንያ ኋላ አየሁ። ልጅቷ ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ብርሃን ከታች በርቶባት ፊቷ የሌላ ሰው ልጅ መስሏል።

"ማን ገባ?" አለ ድምፁ ከጋቢው ውስጥ። ቀጥሎም፣ "ከጠየቁሽ ማንም የለም በዪ" አላት።

"ማንም የለም" አለች፣ እኔኑ እያየች።

ከራስጌ የጠበል ጠርሙሴን አንሥቼ ስልኩ ላይ ገለበጥኩት። አትሳቁ። ድምፁ ጸጥ አለ፣ መስታወቱም ጠቆረ። እኔም ከቤቴ ምን እንዳባረርኩ ለሰፈሩ ሁሉ ስፎክር ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያ ጨዋታ ውስጥ የማይታወቅ ሰው ከልጅ ጋር የሚያወራበት መንገድ አለ፤ እሱ ደግሞ ሳይዘጋው ነው የሰጣት።

"ጋኔን አይደለም እታበባ" አለኝ፣ "ሰው ነው።"

እናንተ ሆዬ፣ እኔ የፈራሁት ያኔ ነው።

ልጅቷን ልገርፍ ስነሣ ወንድሜ ያዘኝ። ከተገረፈች ሌላ ጊዜ ትደብቀናለች አለ። ጭኑ ላይ አስቀምጦ በቀስታ ሲጠይቃት፣ ሰውየው አራት ቀን እንዳናገራትና ለማንም እንዳትናገር እንዳስማላት ነገረችው። ለምን መለስሽለት ብላት ግን ዓይኗን አፍጥጣ፣ "ሦስቴ ጠራኝ እኮ፤ ሦስቴ የጠራ ሰው ነው ብለሽኝ የለ?" አለችኝ።

ልክ ናት። ሰው ነበር።

ወንድሜ ፖሊስ ጣቢያ አመለከተ። ስልኩ ደርቆ ሲነሣ ማውሪያውን ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህም ጨዋታው ሳሎን መሃል፣ አጠገቧ ሰው ተቀምጦ ብቻ ሆነ። አሁን እኔም አሻንጉሊት አለብሳለሁ፤ የኔዋ ታምራለች። ሰውየው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በወፍጮ ቤቱ በኩል የሚያልፍ ወንድ ሁሉ በራችንን የሚያይ ይመስለኛል። ለስለስ አድርጎ የሚናገር ሰው ጠልቻለሁ።

የእናቴንም ሕግ ሻርኩት። ፊቱን ያላየሽው መቶ ጊዜ ቢጠራሽ አቤት አትበዪ፣ እኛን ጥሪን አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጉሙ ወርዷል፣ በሩ ተቀርቅሯል፣ እናቷ ጓዳ ናት። ሃሴት ብዬ ተጣራሁ። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ። ከቆርቆሮው ኋላ ትንፋሿ ይሰማኛል። እኔ ነኝ፣ እታበባ ብላት፣ "እሱም የእታበባ ዘመድ ነኝ ብሎኝ ነበር" አለች። ጎንበስ ብዬ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አንድ ዓይኔን አሳየኋት። ቀረብ ብላ መረመረችው።

"ሌላውንም" አለች።

ሌላውንም አሳየሁ፤ ተከፈተልኝ። ገብቼ መቀርቀሪያውን ስመልስ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ በስሜ ጠራኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የጎረቤቴ ድምፅ ይመስላል። ሃሴት ቀና ብላ አየችኝ። አቤት አላልኩም። ጎረቤቴ ከሆነች ትቀየመኝ፤ ፊቷን ይዛ ትምጣ።