ሁለት ጆንያ የእንቁላል ቅርፊት በሁዳዴ

በሁዳዴ መሀል ሁለት ጆንያ የእንቁላል ቅርፊት በራችሁ ላይ ቆሞ ያውቃል? የእኔ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለዚያውም አፉ ያልታሰረ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያልፈው ሰው ሁሉ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አይቶ፣ አማትቦ ያልፋል።

አትቸኩሉ፣ አልበላሁም። የጠየቀኝ ቢኖር ያኔውኑ እነግረው ነበር። ችግሩ ያየ ሁሉ መልሱን ለራሱ ይዞ መሄዱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የምኖረው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነው። ቤቴ ሁለት ክፍል፣ ጣሪያው ዚንክ፣ ቆርቆሮ ማለት ነው። የካርቱምን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ይላል፤ የሚያውቅ ግን "አይዞሽ" ይለኛል። ቀትር ላይ እዚያ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ማለት ክዳኑ የተገጠመ ድስት ውስጥ መቀመጥ ነው። ስለ ከህረባ፣ ማለቴ ስለ መብራት፣ አትጠይቁኝ። ከጦርነቱ ወዲህ ምሰሶው ቆሟል፣ ሽቦው ግን የለም። ምሰሶው አሁን ለቁራ ማረፊያ ነው።

ታዲያ የማርያም ማኅበር አለን። ድሮ ሃያ አራት ነበርን፤ አሁን ስምንት ሴቶች ቀርተናል። ስለዚህ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ባለፈው ተራዬ ሙቀቱ ከብዶ እትዬ አስካለ ጸሎቱ መሀል ላይ ራሷን ሳተች። ውሃ ደፋንባት፣ ነቃች፣ "የት ነው ያለሁት?" አለች። "ከማርታ እናት ቤት" ሲሏት እንደገና ልትስት ነበር።

እትዬ አስካለ ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ ናት፣ አለቃችን ማለት ነው። ከተሻላት በኋላ በጣም በደግነት እንዲህ አለችኝ፦ በመጋቢት አንድ ጊዜ እንሞክረዋለን፤ ቤትሽ እንደዚህ ከሆነ ግን ከተራው እናሳርፍሻለን።

ማሳረፍ የምትለዋ ቃል ለስላሳ ነች። ግን አስቡት። በዚህ አገር እህት የለኝ፣ አክስት የለኝ። ስታመም የምትጠይቀኝ፣ ስሞት የምታለቅስልኝ ከእነዚህ ሰባት ሴቶች አንዷ ናት። ከማኅበር ተራ መዘለል ማለት በቁም ከዝርዝር መፋቅ ነው። ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ የምንሰበሰበው ጾሙ በሚፈታበት በዘጠኝ ሰዓት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ዚንኩ የት እንደሚደርስ እሱ አንድዬ ያውቃል።

እዚህ ላይ ልጄን ላስተዋውቃችሁ። ማርታ ኬሚስትሪ ተምራለች። ግማሹን ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ግማሹን ጦርነቱ ሲመጣ በስልክ። የተወለደችው እዚሁ ካርቱም ስለሆነ አማርኛዋ መንገድ ላይ ይደክመውና ቀሪውን በዓረብኛ ትጨርሰዋለች። የሰው ልጅ በስልኳ የሙሽራ ቀሚስ ታያለች፤ የእኔዋ ስለ ዱቄት ታነባለች።

ለአንድ ሳምንት ያህል ስለ አንድ ጠጣር ነገር ነገረችኝ። ጠጣር ነው፣ ግን ከሞላ ጎደል አየር ነው አለች። አበባ ላይ ቢያስቀምጡት አበባው አይጎብጥም። አባቷ ቤቱን አድሳለሁ እያለ የሚሰጠኝን ቃል አስታወሰኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኬሚስቶች የሠሩትን ዱቄት አነበበችልኝ። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል። ማታ ማታ ከበረሃው አየር እርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲነካው መልሶ ውሃ ያደርገዋል። ትልቅ ሽልማት ተሸልመውበታል አለችኝ። የእኔም ጨው በክረምት እርጥበት ይጠጣል፤ ማንም አልሸለመኝም።

አንድ ቀን ከስልኳ ቀና ብላ፣ "ያ ኡሚ፣ ጣሪያችንን እናበርደዋለን" አለችኝ። እናቴ ሆይ ማለቷ ነው። ያ ኡሚ ስትል ሥራ እንደመጣብኝ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሆነ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ነጭ ቀለም ሠርተዋል። ያረፈበትን የፀሐይ ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይጥለዋል። በዚህ አያበቃም። ጣሪያው ውስጥ ያለውን ሙቀት ደግሞ በዓይን በማይታይ ብርሃን አድርጎ ወደ ላይ ይሰደዋል። አየሩ ሌላውን ዓይነት ሙቀት ይዞ ያስቀራል፤ ያንን ዓይነት ግን መያዝ አይችልም፤ አልፎ ጠፈር ይገባል። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ጣሪያው ከአየሩ ይልቅ ይበርዳል።

እንዴት ያልፋል አልኳት። ሰማዩ መስኮት አለው አለች፤ ሳይንቲስቶቹም መስኮት ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ይህንንማ ከኖኅ ጀምሮ እናውቀዋለን አልኳት። ተናደደች። መንፈሳዊ ነገር ስጨምርባት ትምህርቷ የተነካባት ይመስላታል።

ከምን ይሠራል? አንደኛው ዓይነት ከኖራ ድንጋይ ዱቄት። ይህን እንዳለች ግድግዳውን አየች። ከዚያ "የእንቁላል ቅርፊት እኮ ያው እሱ ነው" አለች።

ባለቤቴ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል መካኒክ ነው። ከሥራ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ጂር ለምን አንቀባም? ጂር ሱቅ የሚሸጠው የግድግዳ ኖራ ነው። ማርታ ረጅም መልስ ሰጠችው። ቀለሙ ውስጥ ደቃቅም ሻካራም ቅንጣት መኖር አለበት፤ እያንዳንዱ የብርሃን ዓይነት የሚመለሰው በልኩ ባገኘው ቅንጣት ነው።

"ጂሩንስ ወንፊት አይነፋውም?" አላት።

ጥያቄው ጥሩ ሳይሆን አይቀርም፤ እስከ እራት አኩርፋው ነበር። እሱም ነገሩን ትቶ ከሥራ ቦታው የእንጨት ሙጫ አመጣልን። ማጣበቂያው እሱ ነው።

ቅርፊቱን ከየት እናምጣ? ከእኛ ቤት በሁዳዴ እንቁላል አይገባም። ግን መንገዱ ጥግ፣ ረክሻዎቹ፣ ባጃጆቹ ማለቴ ነው፣ ከሚቆሙበት፣ ሐጃ ዘይነብ ጣዕሚያ የሚሉትን የሽምብራ ጥብስና የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ትሸጣለች። ቅርፊቱን አስቀምጪልኝ አልኳት። "ሓድር" አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ሦስት ቀን ሰጥታኝ በአራተኛው ግን ሆዷ አልቻለም።

"ያ ኡም ማርታ፣ እናንተ በጾማችሁ ውስጡን ትታችሁ ልጣጩን ነው የምትበሉት?"

ቀልዷን አልነበረም። ስለ ጾማችን እስከዛሬ የሰማችው ሁሉ ገርሟታል፤ ስጋ አይሆንም፣ ወተት አይሆንም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይሆንም ስንላት ይህም ሊኖር ይችላል ብላ ነው። ለጣሪያ ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና የመጀመሪያው ይሻል ነበር አለች።

እናም መውቀጥ ጀመርኩ። እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚያታልል ነገር አላየሁም። በጣት ሲነኩት ይሰበራል፤ ዱቄት ሁን ሲሉት ግን እምቢ ይላል። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ እቀመጣለሁ፤ እወቅጣለሁ፣ እነፋለሁ፣ የቀረውን መልሼ እወቅጣለሁ። ዱቄቱ እንደ ጉም ይነሣል። ፀጉሬ ነጭ፣ ቅንድቤ ነጭ፣ አፌ ዙሪያ ነጭ።

እትዬ አስካለ የመጣችው እንዲህ ሆኜ ነው።

በሩ ላይ ጆንያዎቹን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ አፌን አየች። "እንዴት ይዞሻል ጾሙ?" አለችኝ። እኔ ሞኝ፣ አፌን በነጠላዬ ጠረግ አድርጌ "ደህና ነው፣ ዘንድሮ ምንም አልከበደኝም" አልኳት። እንዲህ ብዬ መለስኩላት፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። አልተቀመጠችም። ድስት ጥጄ መጣሁ ብላ ሄደች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ግራና ቀኜ ሰፊ ቦታ ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ አንዷ በጆሮዬ "ሐኪም አዞሽ ከሆነ ተናገሪ እኮ፣ ነውር የለውም" አለችኝ። ምን እንዳዘዘኝ አልገባኝም። ለቀናነቷ አመስግኜ አለፍኩ። እሷም እንዳመንኩ ቆጠረችው።

ማክሰኞ የንስሐ አባቴ ቤት ድረስ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ጆንያውን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት፤ ተንኮሻኮሸ። ገብተው ተቀመጡና በጣም በለሰለሰ ድምፅ "ልጄ፣ ይህ ሁሉ በስንት ቀን ነው?" አሉኝ።

"በሦስት ሳምንት አባቴ። ገና ይቀረናል።"

"ይቀረናል?"

"ማርታ አይበቃም ትላለች። ሐጃም በየቀኑ እየጨመረችልኝ ነው።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብቻሽን ነሽ ወይስ ቤተሰቡ ሁሉ ነው አሉኝ። እኔ እወቅጣለሁ፣ ማርታ ትለካለች፣ አባቷም ሙጫ ያመጣል አልኳቸው። ሙጫ ስል ዓይናቸውን ከፈቱ። ሙጫ አድርጎ እንቁላል የሚበላ ሰው በሕይወታቸው አላጋጠማቸውም መሰለኝ። ያኔ ነገሩ ለሁለታችንም ተገለጠልን፤ እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ልቅሶዬ ግን ለሐሜቱ አልነበረም። እንግዲህ ጠይቄ ልረፍ ብዬ፣ "አባቴ፣ ቅርፊቱስ ፍስክ ነው ጾም?" አልኳቸው። ሙቀጫው ያው የበርበሬዬ ሙቀጫ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልቤን የበላው ይህ ነበር። ከላይ ዚንኩ እየጋለባቸው ላባቸው በጢማቸው ወረደ። በመጨረሻ "አትቅመሺው። ቀቢው፤ ቶሎም ቀቢው" አሉ። ለእትዬ አስካለ እኔው እነግራታለሁ ብለው ሄዱ። ነገሯት። እሷም መቼም ክፉ አላሰብኩም አለች አሉ፤ ቤቱ በርዶ ካላየሁ ግን ቃሌ ቃሌ ነው።

ለማርያም አምስት ቀን ሲቀረው ማርታና አባቷ ጣሪያው ላይ ወጥተው ቀቡት። ነጭ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይን የሚያስጨፍን ነበር። ለአንድ ቀን ደስ አለን። በማግስቱ ጠዋት ጣሪያው ላይ ዳንስ ቤት የተከፈተ መሰለኝ። ወጥቼ ሳይ ጭልፊት ነው። አንድ ሁለት አይደለም፤ የሐጅ ዩሱፍ ጭልፊት በሙሉ። ሽታው መንገድ ድረስ ይጠራል። ለካ ቅርፊቱ ከውስጥ በኩል ስስ ቆዳ አለው፤ እኛ ከነቆዳው ነው የወቀጥነው። ፀሐይ ሲያገኘው ገማ። ማርታ ስልኳን ከላይ እስከ ታች አገላበጠችና፣ ተመራማሪዎቹ ስለ ጭልፊት ምንም አልጻፉም አለች።

ያን ዕለት ተስፋ ቆረጠች። ልጄ ስታለቅስ በዓረብኛ ነው። ማኅበርሽን አሳጣሁሽ አለችኝ። ተነሺ ያላ አልኳት፣ ሁለተኛው ጆንያ ገና አልተነካም። ጣሪያውን በሳሙና አጠብነው። ከዚያ ቅርፊቱን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፍኩ ቆዳውን በጥፍሬ አንድ በአንድ ላጥኩ። ውዳሴ ማርያም የሰባቱንም ቀን ደግሜ ጨረስኩና እንደገና ከሰኞ ጀመርኩ። እሷ ሙጫው በዛ፣ ሙጫው አነሰ እያለች ለካች። በዋዜማው ተቀባ። ጭልፊት አልመጣም።

በማርያም ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ራሷን ለመሳት ተዘጋጅታ መጣች። እርጥብ ፎጣ በአንገቷ፣ ሎሚ በእጇ፣ ማራገቢያ በብብቷ። በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ቦታ ተቀመጠች። ጸሎት ተጀመረ። እኔ ምኑን ልጸልይ፣ ግንባሯን ነበር የማየው። ላብ ትጠብቃለች፣ ላቡ አይመጣም። ማራገቢያውን አነሣች፤ ትንሽ ቆይታ አስቀመጠችው። ዳቦው ሲቆረስ ፎጣውን ከአንገቷ አወረደች። ከርከዴው ሲቀዳ ነጠላዋን ተከናነበች።

እንደ ማቀዝቀዣ አትጠብቁት። ማርታም ከተመራማሪዎቹ ገና ሩቅ ነን ትላለች። ግን ዛፍ ሥር የተቀመጡ ያህል ነበር፤ በካርቱም በመጋቢት፣ በዘጠኝ ሰዓት። ተባርኮ ከተበላ በኋላ የንስሐ አባቴ ትምህርት መስጠት ጀመሩና ሁለተኛው ቃል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሴቶቹ እንዳይቀሰቅሷቸው በሹክሹክታ ያወራሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልተነሣም። አሥራ ሁለት ሆነ። ዳቦ አለቀ። ሌላ ጋገርኩ።

በመጨረሻ ጽዋውን የማስረከቢያው ሰዓት ደረሰ። ቀጣዩ ተራ የእትዬ አስካለ ነው። ሰጠኋት። ተቀበለች፣ ተሳለመች፣ ቆመች።

"እኔ ተሳስቻለሁ" አለች። "የማርታን እናት ከተራ እናሳርፋት ማለቴ ኃጢአት ነበር። እመቤታችን የትኛውን ቤት እንደወደደች ዛሬ አይተናል።" ዞራ ጽዋውን መልሳ እኔው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። "ከእንግዲህ የሁላችንም ተራ እዚሁ ይሁን።"

ሁሉም እልል አሉ። አባታችን በእልልታው ነቅተው፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ባረኩት።

ተራዬን አታሳጪኝ ብዬ ነበር የለመንኳት፤ እሷ የሰባቱንም ጨምራ ሰጠችኝ። አሁን በየወሩ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሰባት ሴትና አንድ ካህን ቤቴ ውስጥ ናቸው፤ ካልጨለመ አይነሡም። ባለፈው ሳምንት ማርታን ለብቻዋ ጠርቼ፣ እነዚያ ተመራማሪዎች እንግዳ በጊዜው የሚያስነሣ ወንበር ሠርተው እንደሆነ እስቲ ፈልጊልኝ አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገችልኝ።

የለም። ሳይንስ ገና ብዙ ይቀረዋል።