ለማትመጣው ሴት የተሰፋ ቀሚስ

በየቤተሰቡ ሰላምታ ሳይመልስ የማያድር አንድ ሰው አይጠፋም። ባንክ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ለላከለት መልእክት እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይመልሳል። በእኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አጎቴ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኔም አብሬያቸው እሰፋለሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ምሳቸውን የሚበሉት ከስፌት መኪናቸው ጋር ነው።

የትዳር አጋር እናገናኛለን የሚሉ ድረ ገጾች እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ ያሸቱታል። መመዝገብ ነፃ ነው። ሰላምታ መመለስ ግን በነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ይገዛል። ኪስ አውላቂ የሚዳብሰው ኪስህን ብቻ ነው፤ እነዚህ የሚበረብሩት ጨዋነትህን ነው። ጋሼ ተመዝግበው ገና ፎቶ ሳይለጥፉ ሴቶቹ ተንጋግተው «ሰላም ቆንጆ» አሏቸው።

«ጋሼ፣ በምን አይተው ነው ቆንጆ ያሉዎት?»

«ሰው ሰላም ብሎህ ዝም ትላለህ? አሳዳጊ የበደለህ!»

ከሁሉም ነርስ ነኝ የምትለውን መረጡ። በአካል ልትመጣ ነው ተባለ። ልብስ ሰፊ ሲወድ ምን ያደርጋል? ልክ ይጠይቃል። ላከችላቸው። ወይን ጠጅ ጨርቅ ቆረጡ። ጠዋት የላከችው የትከሻ ልክ ማታ ሲያረጋግጡ በአራት ጣት ሰፍቶ መጣ። ፈቱት። ሳምንት ሳይሞላ ወገቧ ከዳሌዋ በለጠ። እንደገና ፈቱት። መንገድ ማዶ የሚያልፍ ሰው አንድ ትከሻው ዝቅ ማለቱን በዓይን ብቻ የሚለዩ ሰው!

«ጋሼ፣ የሚጽፉልዎት ተረኞች ናቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።»

«ሴት ልጅ ትከሳለች፣ ትወፍራለች።»

«ቁመቷስ?»

«ጫማ አድርጋ ለክታ ይሆናላ!»

ገጹን እስከ ታች አወረድኩት። ጉንዳን በሚያህል ፊደል «አንዳንድ አባላት ለመዝናኛ ሲባል በሠራተኞቻችን የሚንቀሳቀሱ ናቸው» ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ታዲያ ሠራተኛ ሰው አይደለም?» አሉኝ።

ደጋግማ ቀጥራ ቀረች። አንዴ እናቷ ታመሙ፣ አንዴ አውቶቡስ አመለጣት። እያንዳንዱ ሰበብ የሚከፈተው በነጥብ ነው። ለመጨረሻው ቀጠሮ ጋሼ ተላጭተው፣ ቀሚሱን ተኩሰው፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ዋሉ። ዝናብ ወርዶባቸው ገቡ። ቀሚሱ ግን ጠብታ አልነካውም፤ ኮታቸውን ያለበሱት ለእሱ ነበር።

«ዝጋልኝ» አሉኝ፣ ስልኩን እየሰጡኝ።

«ክፈል» የሚለው በየገጹ እንደ ዘበኛ ተገትሯል፤ «ሰርዝ» የሚለውን ግን ወለል ላይ እንደ ወደቀ መርፌ ስፈልገው ቆየሁ። አግኝቼ ልጫነው ስል እጄን ያዙኝ።

«ሳልሰናበታት?»

ነጥቡ አልቋል። ድረ ገጹን ስረግም የከረምኩት ሰውዬ በገዛ ካርዴ ገዛሁላቸው። «ደህና ሁኚ፤ እናትሽን ይማርልሽ» ብለው አጻፉኝ።

ወዲያው መልስ ገባ፤ እንደተቆለፈ። ለመክፈት ሌላ ነጥብ ይጠይቃል። ጋሼ ያለ መነጽር ማንበብ አይችሉም፤ አፍ አፌን ያያሉ።

«እርስዎም ደህና ይሁኑ፤ ስላስቸገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ፣ ትላለች» አልኳቸው፣ ቁልፉ ላይ እንዳፈጠጥኩ።

«አላልኩህም? ጨዋ ልጅ ናት» አሉ።

ሰረዝኩት።