ለአማቴ እንሰት የጨመርኩት ዩሪያ

የተማረ ሰው አንድ ክፉ ዐመል አለበት፤ ደህና የቆመን ነገር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። የሚሠራ ሬዲዮ ይፈታል፤ ሠላሳ ዓመት በሰላም የኖሩ ባልና ሚስት መሀል ገብቶ ስለ ትዳር ያብራራል። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም። ከጠፋ እኔን ጥሩኝ።

ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ድንች ቆርጬ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፤ ድንቹ ይልፈሰፈሳል። «ለምን?» ስል ክፍሉ በሙሉ «ኦስሞሲስ!» ብሎ ይጮሃል። ውሃ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል፤ ሴሉ ውሃውን ተቀምቶ ይኮማተራል። ይህን የሳተ ተማሪ እኔ ዘንድ ምሕረት የለውም።

ቤት ስንሠራ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሚኖሩበት ከሞርሲቶ ስድስት የእንሰት ችግኝ ይዘውልን መጡ። በእኛ አገር ጓሮው እንሰት የሌለው ቤት፣ ቆርቆሮው ቢያብረቀርቅም ቤት አይባልም። «ፍግ ይበቃዋል» ብለው ሄዱ። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ! ቅዳሜ እንደሚመጡ ስሰማ፣ ችግኙ ተመዝዞ ይጠብቃቸው ብዬ በየሥሩ ሁለት ሁለት እፍኝ ዩሪያ ከመርኩበት። ያን ያህል ማዳበሪያ ለችግኝ ሥር ያው ጨው ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠወለገ፤ ጠርዙም እሳት እንደነካው አረረ። በብዙ ውሃ እንዳላጥበው፣ የቧንቧው ፈረቃ ሰፈራችንን ከረሳ ሳምንት አልፎታል። ባለቤቴ ጓሮውን አይታ የተረፈውን ዩሪያ ደበቀችብኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

ቅዳሜ አማቴ ቀጥታ ወደ ጓሮ ዘለቁ። የደረቀውን ቅጠል በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ምን ሆኖ ነው፣ መምህር?» አሉኝ። ስድስቱንም ከራሳቸው ጓሮ ነቅለው፣ በመኪና ጭነው ያመጡት እሳቸው ናቸው። አፈርኩ። ያፈረ መምህር ደግሞ ማስተማር ይጀምራል። ስለ ሴሉ፣ ስለ ስስ ሽፋኑ፣ ውሃው ከሥሩ ወጥቶ ዩሪያው ወዳለበት እንዴት እንደሄደ፣ አንድ ሳላስቀር አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ይሄን ሁሉ ያወቅኸው ዩሪያውን ከመጨመርህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ባለቤቴ ከኋላቸው ቆማ ታየኛለች። የአሥራ አምስት ዓመት ትምህርቴን ዋጥ አድርጌ፣ «በኋላ ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲያስ ምን ታደርግ፣ ልጄ! ሌላ ችግኝ አመጣልሃለሁ» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ሁለተኛ ግን የሚያውቅ ሰው ሳትጠይቅ እንዳትነካው።»